የጋሽ ሙላት የይለፍ ቃል ደብተር

ሐሙስ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሰው ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለውርስ ጉዳይ ዓባይን ይሻገራል። እኔ የተሻገርኩት ለአንዲት የይለፍ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ብርቄ ሞጣ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የጠለፈችውን ንድፍ ሁሉ ለሰባት ዓመት በስልኳ ፎቶ እያነሣች አስቀምጣለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ስልኩ ከጉያዋ ሾልኮ ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነፈሰም። ፎቶዎቹ በኢሜይሏ ማከማቻ ውስጥ አሉ። ኢሜይሉን የከፈቱላት ግን ቀድሞ ትኖርበት በነበረው በቢቸና የስልክ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሙላት ናቸው። የይለፍ ቃሉን ያወጡት እሳቸው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚገባው በእሳቸው ስልክ ነው። አክስቴ ቃሉን አንድም ቀን አውቃው አታውቅም።

በጥር ልጇን የምትድር አንዲት የሞጣ ነጋዴ ለስድስት ሴቶች ቀሚስ አዝዛታለች። የምትፈልገው ደግሞ አክስቴ ቢቸና ሳለች ለሙሽራዋ ታላቅ እኅት የጠለፈችውን ያንኑ ንድፍ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ትእዛዙ ይቀራል። አክስቴ በጎረቤት ስልክ ደውላ "ብሩክዬ፣ እጄን የቆረጡኝ ያህል ነው የተሰማኝ" ስትለኝ አላስቻለኝም።

ጋሽ ሙላት ጋ ደውዬ ነበር። "የይለፍ ቃል በስልክ አልናገርም፤ ሰው ይምጣ" አሉና ዘጉት።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ከጓደኞቼ ጋር ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና ማንም ወስዶ የሚያሻሽለውን ዓይነት፣ የምናስተዋውቅበት የቡድን ገጽ አለን። ከሦስት መቶ በላይ አባላት አሉበት፤ አስተዳዳሪው እኔ ነኝ። በየወሩ "የይለፍ ቃልህን ለእናትህም አትንገር" እያልኩ እሰብካለሁ። በሻንጣዬም ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ ይዣለሁ፤ አክስቴ ንድፏን በነጻ የሥዕል ሶፍትዌር እንድትስልበት።

ረፋድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን

ጎሐ ጽዮን ላይ ፍርፍርና ሻይ በመቶ ሰባ ብር በላሁና ቁልቁለቱን ተያያዝነው። በረሃው ውስጥ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን አወለቀ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ በስልኩ ለልጁ የባንክ ምስጢር ቁጥሩን ይነግረዋል፤ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ደግሞ እየጮኸ ሦስት ጊዜ ደገመለት። ድልድዩን ስንሻገር ከሹፌሩ እስከ ረዳቱ ሁላችንም ቁጥሩን በቃላችን ይዘነዋል። እኔም በሆዴ "ምን ዓይነት ሰው ነው!" አልኩ። እንዲህ ስል ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ከደጀን በላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን የትመንን አለፍን። ኅዳር ነውና ግማሹ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፣ ግማሹ ገና ወርቅ መስሎ ተኝቷል። መሬቱ ጥቁር ነው፤ የቀረው ጭቃ ሳይቀር ስንጥቅጥቁ ወጥቶ ደርቋል።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ቢቸና

የጋሽ ሙላት ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የስልክ ሆድ ይፈታሉ። ማንነቴን ስነግራቸው ሥራቸውን አላቆሙም።

"የብርቄ የወንድም ልጅ መሆንህን በምን ልወቅ?"

መታወቂያዬን አወጣሁ።

"ይሄ ስምህን ነው የሚለው። የእሷ መሆንህን አይልም።"

ወደ ጎረቤቷ ስልክ ደውለው አክስቴን አስጠሯት። "አንቺ ብርቄ፣ የላክሽው ልጅ ምን ምልክት አለው?" አሏትና ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። "ኮፍያህን አውልቅ።" አወለቅሁ። ልጅ ሳለሁ ከጋሪ ወድቄ የተፈነከትኩት ቦታ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ጎንበስ አድርገው አዩና "እውነትሽን ነው፤ እሱ ነው" አሏት። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ደንበኞች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ከመሳቢያ አንድ ወፍራም ደብተር አወጡ። በቁም ጽሕፈት የተጻፈ የሰው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል በመስመር በመስመር ተደርድሯል። የከተማው ግማሽ በዚያ ደብተር ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ገልብጠው ፖስታ ውስጥ ከተቱ፣ አሸጉ፣ በእሽጉ ላይ ፈረሙበት።

"ለእሷ ትሰጣታለህ። አንተም አታየውም።"

"እኔ እኮ ባለሙያ ነኝ፣ ጋሽ ሙላት።"

"ባለሙያ ብትሆንም።"

ደንበኛ ሊያስተናግዱ ዘወር ሲሉ ደብተሩ ባንኮው ላይ ተዘርግቶ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ለጓደኞቼ ሳላሳይ ማለፍ አልሆነልኝም። ሱቁን፣ የተሰቀሉትን ቻርጀሮችና ደብተሩን አስገብቼ ፎቶ አነሣሁና "የቢቸና ሰርቨር፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል" ብዬ ቡድናችን ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያም በማኛ ጤፍ እንጀራ ሽሮዬን በልቼ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሞጣ መኪና ያዝሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሞጣ

ደብረ ወርቅን እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጉንደ ወይን ላይ ስነቃ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ሞጣ መናኸሪያ ወርጄ ሻንጣዬን ስጠብቅ መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። አብዛኛው ሳቅ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ግን ለብቻዬ እንዲህ ጽፎልኛል፦ "ወንድሜ፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ሁሉም ይነበባል። ስድስተኛው መስመር 'ብርቄ፣ ልብስ ሰፊ' ይላል። አክስትህ አይደለችም እንዴ?"

ኪሴን ዳበስኩ፤ ፖስታው እንደታሸገ ነው። ውስጡ ያለውን ቃል ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አይቶታል።

ፎቶውን ከቡድኑ ገጽ ላይ አጠፋሁና እየሮጥኩ አክስቴ ቤት ደረስኩ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ሳላስቀድም ሳላስከትል ነገርኳት። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን እግሯን ብቻ አቆመች።

"ንድፌ ጠፋ?"

"አላውቅም፣ እቴቴ።"

"ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው!"

ላፕቶፑን ከፍተን ፖስታውን ቀደድንና ቃሉን አስገባን። ማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀ፤ ቁጥሩ ደግሞ ጋሽ ሙላት ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ሳልናዘዝ ቁጥሩን ማግኘት አልችልም። ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ያነሣኸው የደብተሩ ገጽ ላይ ስንት ሰው አለ?" አሉ።

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኙም ያመኑት እኔን ነው። አሁን የብርቄን ቁጥር እነግርሃለሁ፤ አንዴ ተሠርቶበት የሚያልቅ ነው። ለቀሩት ለስምንቱ አንተው ደውል። ያጠፋኸው አንተ ነህ። ይሁን ያለኝን ሰው እኔ እዚህ ሆኜ ጊዜያዊ ቃል እቀይርለታለሁ፤ ቅዳሜ ግን መጥተህ ሁሉም የራሱን ያወጣል።"

የአክስቴ ፎቶዎች ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። እሷ እልል ስትል እኔ ስልኬን ይዤ ደጅ ወጣሁ።

ስምንት ጊዜ "እኔን አያውቁኝም፤ የይለፍ ቃልዎን ለሰው ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ" ማለት ቀላል አይደለም። ከወሎ ተመድባ የመጣች ከድጃ የምትባል መምህርት እስክጨርስ ሰማችኝ። "የልጆቼ ፎቶ ነው እኮ ያለበት" አለች። ቀጥላም "ደግ አደረግህ የነገርከኝ። ግን ሁለተኛ የሰው ደብተር ፎቶ እንዳታነሣ" አለችኝ። አንዱ ሰደበኝ፤ ስድቡ ይገባኛል። የመጨረሻው አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ነበሩ።

"እግዜር ይፍታህ፣ ልጄ። ለመሆኑ ቃሉ ምን ይላል? እኔማ ከረሳሁት ሦስት ዓመቴ ነው።"

ልነግራቸው አፌን ስከፍት አክስቴ ከኋላዬ ትከሻዬን መታችኝ።

"በስልክ አልናገርም፣ የኔታ" አልኩ። "ቅዳሜ ሱቅ ይምጡ።"

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኙም ተቀይሮ አለቀ። ማንም ሰው እንዳልገባባቸውም ጋሽ ሙላት አንድ በአንድ አይተው ነገሩኝ። አክስቴ እንቁላል ጠብሳ አቀረበችልኝ፤ እኔ ግን ሁለት ጉርሻ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ሞጣ

ጠዋት ሁሉንም ፎቶ ላፕቶፑ ላይና አንድ ፍላሽ ላይ ገለበጥን። የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩላትና ጀርባዬን ሰጠኋት፤ አዲሱን ቃል ራሷ አሰበችው፣ ራሷ ጻፈችው። በአንድ ጣት ስለምትጽፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። የሙሽራዋን እኅት ንድፍ ስታገኘው ማያ ገጹን በመዳፏ ዳሰሰችው።

ከሰዓት ሁለት የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች መጡ። ስድስት ቀሚስ ለአንድ ሰው ይበዛልና ሥራውን ልታካፍላቸው ነው። ንድፉን በፍላሽ ስትሰጣቸው ገረመኝ።

"እንዲሁ ትሰጫቸዋለሽ? ነገ ገበያሽን ቢወስዱብሽስ?"

"እኔስ ከማን ተማርኩት? አንገቱ ላይ ያለው መስቀል የአንዲት የደብረ ኤልያስ ሴት ነው፤ ዳሩን ነው እኔ የጨመርኩበት። እነሱም ይጨምሩበት።" ቀና ብላም አየችኝ። "ጥልፍና የቤት ቁልፍ አንድ አይደለም። ጥልፉን ለሁሉም ነው የምሰጠው።"

ስለ ክፍት ሶፍትዌር ለዓመታት ስናገር እንዲህ ባጭሩ ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ቢቸና

የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በአህያና በባጃጅ ተጨናንቋል። ሱቁ ስደርስ ስድስቱ ቀድመውኝ ተሰብስበዋል፤ ሁለቱ ኋላ መጡ። ከድጃ ለሰላምታ እጇን ሰጠችኝ። የሰደበኝ ሰው አልሰጠኝም። እያንዳንዳቸው አዲስ ቃል ሲያወጡ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የኔታ ቃላቸውን ጮክ ብለው እያነበቡ ሲጽፉ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ኧረ ቀስ!" አሏቸውና እንደገና ሌላ አወጡ።

ጋሽ ሙላት ያንን ገጽ ከደብተሩ ቀደዱት። በመቀስ መስመር በመስመር ቆርጠው የየራሳቸውን ለባለቤቱ አደሉ። የአክስቴን ለእኔ አልሰጡኝም፤ ኪሳቸው ከተቱት።

ስንሰነባበት "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ተሳስተሃል። ግን አልደበቅህም" አሉና መነጽራቸውን አወረዱ። "በል አሁን መኪናው ያመልጥሃል።"

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ እንደገባሁ የሆነውን ሁሉ ሳላሳጥር ቡድናችን ገጽ ላይ ጻፍኩ። አስተዳዳሪነቱንም ያንን መልእክት ለብቻዬ ለላከልኝ ጓደኛዬ አስረከብኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ከባድ ነገር አይደለም፤ ምስጢር መጠበቅን ከሶፍትዌሩ በፊት ከሰው መማር ነበረብኝ። ጋሽ ሙላት ደብተሩን አሥራ ሁለት ዓመት ሲይዙት አንድ መስመር አልወጣባቸውም።

ማታ አክስቴ አዲስ በገዛችው ስልክ ደወለች። ሦስቱ ቀሚስ ተጀምሯል፣ ሙሽራዋም ንድፉን አይታ ወዳዋለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ብሩክዬ፣ ያን የይለፍ ቃሌን..."

"እቴቴ፣ በስልክ እንዳትነግሪኝ!"

"ልነግርህ አይደለም። እረሳው ይሆን ብለህ እንዳታስብ ብዬ ነው። ዛሬ ቢቸና የሚሄድ ሰው አግኝቼ በፖስታ አሽጌ፣ ፈርሜበት፣ ለጋሽ ሙላት ላክሁት።"