የደንብ አስከባሪዋ ላም

ደሪቱን የደንብ አስከባሪ ልብስ ለብሳ መጀመሪያ ያየኋት ቀን ስቄባታለሁ። «አሁን አንቺን ማን ይፈራሻል?» አልኳት፤ እሷም ከልቧ ሳቀች። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከከፈትኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ ደሪቱ ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛ ፎቅ ለፎቅ የምትዞር፣ ከዚያ ኮሌጅ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ብታጣ ደንብ አስከባሪነቱን ያዘች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

እኛ የምንኖርበት ፎቅ የቆመው በአባቷ በጋሽ በዳሳ ማሳ ላይ ነው። «ሰይድ፣ ሱቅህን የከፈትከው እኮ ሽምብራዬ ላይ ነው» ይሉኛል እየሳቁ። ከወሎ መጥቼ የሰው ማሳ ላይ ስኳር መቸርቸሬ ስለሚያሳፍረኝ ቀልዱን ወድጄላቸው አላውቅም። ከዚያ ሁሉ መሬትና ከብት የቀረቻቸው አንዲት ግራጫ ላም ናት፤ ዳለቲ ይሏታል። ጠዋት ሲፈቷት ብቻዋን አስፋልቱን ተሻግራ ወንዙ ዳር ስትግጥ ትውላለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻዋን ትመለሳለች። መንገዱ ኮረኮንች ሳለ ጀምሮ የምታውቀው ነው።

ከዚያ የዋና ከተማዋን ደህንነትና ውበት የሚመለከተው አዋጅ ወጣ። መንገዳችን ሰፋ፣ አበባ ተተከለ፣ መብራቱ በዛ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኛል፤ ልጄ ሰልዋ ጭቃ ሳትረግጥ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ግን ድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና ሲለፍፍ ያልተከለከለ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል፣ ከሱቅ ውጭ ዕቃ መደርደር ክልክል፣ ዋና መንገድ ላይ የተገኘ እንስሳ ደግሞ ይወረሳል።

ደሪቱ አባቷን ለመነች። «አባባ፣ ከእንግዲህ አይፍቷት» ብትላቸው፣ «አዋጁ የወጣው መንገድ ለማያውቅ ከብት ነው። ዳለቲ መንገዷን ታውቃለች» አሏት። ከልባቸው ነው፤ ጌታ የሌለው፣ የባዘነ ከብት የሚወረስ መስሏቸዋል። አስራ እንዳታውላት ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሣር አትበቅልም። የደሪቱ አለቃ ደግሞ በስብሰባ ላይ ቁርጡን ተናግሯል፤ ቤተሰቡ ደንብ ሲጥስ የተገኘ ደንብ አስከባሪ ከሥራ ይሰናበታል። ያ ቤት የሚተዳደረው በእሷ ደሞዝ ነው። ይህን ሁሉ ሱቄ ደጃፍ ቆማ ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ደሪቱና ጓደኞቿ የጭነት መኪና አስከትለው ሱቄ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። አለቃቸው ፍትዊ ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ሳይፈጽም እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ነው። ዳለቲ በሰዓቷ መጣች። አላጋንንም፣ በዜብራው ነው የተሻገረችው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወደ ደሪቱ ሄዳ እጅጌዋን ላሰች።

«የማን ናት?» አለ ፍትዊ።

የምናውቅ ሁሉ ዝም አልን። ደሪቱም «እንጃ» አለች።

ሦስት ጎረምሶች አንገቷ ላይ ገመድ አስገብተው ቢጎትቷት፣ ቢገፏት፣ ዳለቲ ንቅንቅ አልል አለች። ፍትዊ ወደ ደሪቱ ዞሮ፣ «አንቺ የገበሬ ልጅ አይደለሽ? እስቲ ሞክሪያት» አላት። ደሪቱ አመድ መስላ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ትንሽ ጨው ይስጡኝ።»

የለኝም ማለት ነበረብኝ። ዘግኜ ሰጠኋት። የመኪናውን መወጣጫ ሳንቃ ረግጣ ቀድማ ወጣችና መዳፏን ዘረጋች፤ ዳለቲ መዳፏን እየላሰች ተከትላት ወጣች። በሩ ተዘጋ። ያን ዕለት በማን እንደተናደድኩ እኔም አላውቅም። በአዋጁ እንዳልል መንገዱን ወድጄዋለሁ፣ በፍትዊ እንዳልል ሥራው ነው። በራሴ ነው መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ በዳሳ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ሰይድ፣ ዳለቲ በዚህ አላለፈችም?»

«ደንቦች ጭነዋት ሄዱ፣ ጋሽ በዳሳ።» ማን እንደጫናት ልነግራቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

እሳቸው ግን አልደነገጡም። «ታዲያ ምን ችግር አለ? ልጄ እዚያው አይደለች?» አሉ። በዚሁ መሃል ደሪቱ ከሥራ ወጥታ መጣች፤ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። «መጣሽ ልጄ? በይ ነይ እንሂድ። የአባቴ ናት በያቸው፣ አለቀ።»

ናት ብትል ነገ ሥራ የላትም። አይደለችም ብትል ላሚቱ ለጨረታ ትቀርባለች። ደሪቱ ባርኔጣዋን አውልቃ ያዘች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። የጫንኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ በዳሳ ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በዱላው የሚሏት መስሎኝ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣሁ፤ ቢመቷት ይሻላት ነበር።

«እምቢ አላለችሽም?» አሏት ቀስ ብለው።

«አላለችም» አለች ደሪቱ። «ዝም ብላ ተከተለችኝ።»