ጾም በተፈታ ቍጥር የሚታፈን ማጣሪያ፤ ከአዳማ አሰላ

ነሐሴ ፲፬፣ ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት፤ አዳማ

በፍልሰታ ደብሬን ትቼ መውጣቴ ቅር እያለኝ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ልጄ ሰላማዊት አሰላ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የፍሳሽ ማጣሪያ ኃላፊ ናት። ትናንት ደውላ፣ «አባዬ፣ ማጣሪያው እንደገና ከታፈነ ፍሳሹ ወንዝ ይገባል» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከሆቴሉ በታች ያንን ወንዝ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ።

አንድ ሰዓት፤ ዴራ

የፍየል መንጋ፣ የከሰል ጆንያ፣ በመስኮት የሚዘረጋ ሽንኩርት። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «አባቴ፣ የምነዳው እኔ፣ ፍሬን የሚረግጡት እርስዎ» አለ። ተሳፋሪው ሣቀ። እግሬን ሰበሰብኩ።

ሦስት ሰዓት፤ አሰላ

ከኢተያ በላይ ጉም፣ የገብስ ማሳ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ። ሰላማዊት በቦቲ ጫማ ገንዳው ዳር ቆማ አገኘኋት፤ ከስታለች። ሥራውን አስረዳችኝ፦ በገንዳው ውስጥ ረቂቃን ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይበሉታል፤ ከዚያ ሜምብሬን የሚሉት ስስ ማጣሪያ ውሃውን ብቻ ይስባል። ማጣሪያው ላይ ዝቃጭ ሲጋገርበት የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ ይወጣል፣ ገንዳውም ሞልቶ ይፈስሳል።

«ሦስት ጊዜ ሆነብኝ። ፓምፑን ቀየርኩ፣ በኬሚካል አጠብኩ። ምክንያቱን ግን አላገኘሁም።»

መዝገቧን ተቀበልኳት። ማጣሪያው የታፈነበት ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። በጣቴ እየቈጠርኩ ወደ እኛ መለስኩት።

«ይህ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ነው። ይህ የትንሣኤ ሳምንት። ይህኛው የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግሥት።»

መዝገቡን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ቅቤና ጮማ» አለች ቀስ ብላ። «የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ፓምፕ ስጠረጥር ከረምኩ።»

ፍልሰታ የሚፈታው ከነገ ወዲያ ነው።

ቀትር፤ ወጥ ቤቱ

የወጥ ቤቱ አለቃ አቶ ጫላ ነገሩን አልተቀበለውም። «ድስቱን በፈላ ውሃ ነው የምናጥበው፤ ቅባቱ የት ይቀራል?»

«ቧንቧው ውስጥ ሲደርስ ይበርደዋል፣ ይረጋል» አለችው ሰላማዊት።

«ኤዬ፣ እኔንም ይበርደኛል፤ አልታፈንኩም እንጂ።»

የቅባት መያዣው ጉድጓድ የት እንዳለ ጠየቀችው። በድንች ጆንያ ሥር ተገኘ። ክዳኑ ሲነሣ እስከ አፉ ነጭ የረጋ ጮማ ነበር። አቶ ጫላ ቆቡን አወለቀ። «የገና ጾም ሲገባ ምን ቅባት አለ ብለን ድንቹን ጫንንበት» አለ። «ከዚያ ወዲህ ማን አስታወሰው።»

ጉድጓዱን እስከ ማታ ጠረጉት። ድስት ከመታጠቡ በፊት ጮማው ወደ ባልዲ እንዲጠረግ አቶ ጫላ ቃል ገባ። ሰላማዊትም ዝቃጭ እንዳይጋገርበት ማጣሪያውን ከሥር የሚያናውጠውን አየር ጨመረች፤ ፓምፑም በየመካከሉ ስቦ እንዲያርፍ አደረገች።

ነሐሴ ፲፮፣ ስምንት ሰዓት

ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ በጎቹ ታርደው፣ እንግዳው አዳራሹን ሞልቶ፣ የድስቱ እጥበት ተጀምሯል። መርፌው ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወጣ። ልጄ ዐይኗን ከእርሱ ሳትነቅል፣ «አባዬ፣ ይግደፉ እንጂ» አለችኝ። «መጀመሪያ መርፌው ይውረድ» አልኳት። ነገ ጠዋት የአብነት ተማሪዎቼ ይጠብቁኛልና መሄድ ነበረብኝ። አቶ ጫላ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረልኝ።

ዐሥር ሰዓት ተኩል፤ ዴራ

ስልኩ ጮኸ። ለማንሣት ፈራሁ።

«አባዬ፣ ስድስተኛው ባልዲ ሞልቷል። መርፌው መውጣት ካቆመ ሰዓት አለፈው። ገንዳው ጎድሏል።»

«ወንዙስ?»

«አሁን ከዳሩ ነው የምደውለው። ጥጃ እየጠጣ ነው።»

በስመ አብ ብዬ ጥቅሉን ፈታሁ፤ ለጎረቤቴም ቈረስኩለት። ፍልሰታን በሚኒባስ ወንበር ላይ ገደፍኩ።