ቀን ቀን የሚተኙት ልጆች

ነገሩ የደረሰብኝ በ2007 ዓ.ም. ካርቱም እያለሁ ነው። ዛሬም ሕፃን ልጅ በቀን ተኝቶ ካየሁ፣ ጠጋ ብዬ ትንፋሹን ሳላዳምጥ አላልፍም።

አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ማዳም ልጅ ይዤ እንድገባ ስለማትፈቅድ ልጄን ፌቨንን ጠዋት ጠዋት ቡሪ ሰፈር፣ ብርቄ ዘንድ አስቀምጣታለሁ። ብርቄ ያገራችን ሰው ናት። በተከራየቻት አንድ ክፍል ከራሷ ልጅ ጋር የእኛን የሠራተኞቹን ልጆች ትጠብቃለች። ማታ ስንመጣ ልጆቹ ታጥበው፣ ጸጥ ብለው እናገኛቸዋለን። "እሷ ጋ ልጅ አያለቅስም" እያልን እናመሰግናት ነበር።

ፌቨን ግን ዓመት ከመንፈቅ አልፏት መቆም አቃታት። ደግፌ ሳቆማት እግሯ ይብረከረካል። "እማ" ማለት ጀምራ ነበር፤ እሱንም ተወችው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ "አንዳንድ ልጅ ይዘገያል" ይለኛል። በዕድሜ ከእሷ የሚያንሰው የማዳም ልጅ ግቢውን በሩጫ ሲያምሰው እያየሁ፣ የልጄን ነገር በሆዴ ይዤ እሠራለሁ።

አንድ ቀን እነማዳም ለቅሶ ሊሄዱ ሆነና "ያላ፣ ዛሬ ይብቃሽ" ብለው ከምሳ በፊት ለቀቁኝ። ልጄን በጊዜ ልወስዳት ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። ክፍሏ በሙቀት ታፍናለች። ዝንብ አፋቸው ላይ ይሄዳል፤ አንዳቸውም እጃቸውን አያነሱም። ፌቨንን ጠራኋት። ዝም። አነሳኋት፤ አንገቷ ክንዴ ላይ ዘንበል አለ። ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት አንድም ልጅ አልነቃም።

ብርቄ ከጓሮ ልብስ ስታጥብ ኖሮ አረፋ የነካ እጇን እየጠረገች ገባች።

"ምን ሰጥተሻት ነው?" አልኳት።

"የሳል ሽሮፕ ነው እኮ! ምን ያስጮህሻል? ለራሴም ልጅ እሰጠዋለሁ፣ ያውልሽ።"

የእሷ ልጅ ጥግ ላይ ተኝቷል። ሦስት ዓመት ሞልቶታል። አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው እንደማላውቅ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ልጄን አቅፌ ወጣሁና ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቁሜ አርካዊት ወዳለ ክሊኒክ በረርኩ። አንዲት ወጣት ሱዳናዊት ሐኪም ከእጄ ነጥቃ ወሰደቻት። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኗን ገለጠች።

ሐኪሟ ሥራዋ አልቆ እንኳን አልሄደችም። የፌቨንን እግርና ወገብ ቀስ ብላ አየች።

"እግሯ ምንም አልሆነም" አለችኝ በዓረብኛ። "ቀኑን ሙሉ የምትተኛ ልጅ መቼ ትዳህ? መቼ ቆማ ትውደቅ?"

"ትሄዳለች?"

"ኢንሻአላህ።"

"ትናገራለችስ?"

ፀጉሯን ደባበሰችላት።

ለሌሎቹ እናቶች እየደወልኩ ነገርኳቸው። አንዷ ብቻ ሮጣ ልጇን አወጣች። ሌላዋ ስልኩ ላይ አልቅሳ አልቅሳ፣ "እና የት ላድርገው? ማዳም ታባርረኛለች" አለችኝ። ፖሊስ ጋ እንዳንሄድ አብዛኞቻችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለንም፤ መጀመሪያ የምንታሰረው እኛው ነን። በማግስቱ የቀሩት ልጆች እዚያው ክፍል ገቡ። ብርቄ፣ ሽሮፑን ትቻለሁ ብላ ምላለች አሉ።

እኔ ሥራዬን ትቼ ከልጄ ጋር ዋልኩ፤ ብዙም ሳልቆይ አገሬ ገባሁ። ፌቨን ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ግድግዳ ይዛ ሄደች። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ንግግሯ ግን ይቆራረጣል፤ እኩዮቿ አውርተው እስኪጨርሱ እሷ የመጀመሪያውን ቃል ትፈልጋለች። ከሽሮፑ ይሁን ከተፈጥሮዋ የነገረኝ ሐኪም የለም።

ብርቄን አንዳንዴ እረግማታለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከነልጇ ታሳዝነኛለች። ፌቨን የምትለው ጠፍቷት አፌን አፌን ስታየኝ ግን፣ ሐዘኔታው ይጠፋና እርግማኑ ብቻ ይቀራል።