ሃይማኖት የሚለውን ቃል ፍለጋ

የጥንቱን ክርስትናና ቅዱሳት መጻሕፍቱን በማስተርስ ደረጃ ለመማር ካምፓላ ውስጥ ስመዘገብ ዕድሜዬ አርባን ተሻግሮ ነበር። እንጀራዬ እዚያው ካምፓላ፣ አየር መንገድ ቢሮ ውስጥ ቲኬት መሸጥ ነው። ትምህርቱ ግን የቆየ ምኞቴ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቄስና የመጻሕፍት መምህር ናቸው። ወንድሞቼን ግዕዝ ሲያስተምሩ እኔ እዚያው ክፍል ልብስ እያጣጠፍኩ እሰማ ነበር። ተማሪ ብሎ የቆጠረኝ ባይኖርም የሰማሁት አብሮኝ አደገ።

መመዝገቤን በስልክ ነገርኳቸው።

“መጽሐፍ ቅዱስን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ ሰው፣ እምነቱን እዚያው ጥሎ ሲወጣ አይቻለሁ” አሉኝ። “ልብሽን ጠብቂ።”

“እጠብቃለሁ፣ አባዬ።”

ብዙም ሳልቆይ፣ በፈረንጆቹ 2020፣ ወረርሽኙ ገባ። ኤርፖርቱ ተዘጋ፤ ቢሮው ያለ ደመወዝ ቤት አስቀመጠን፤ ቤተ መጻሕፍቱም ተቆለፈ። ትምህርታችን ወደ ስልክ ዞረ፤ ኔትወርኩ በተቆራረጠ ቁጥር የመምህሩ ግማሽ ንግግር ያመልጠኛል። ከሁሉም የባሰው ግሪክኛው ነበር። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ፓስተሮችና ቄሶች ስለሆኑ ቋንቋውን ቀድመው ቀምሰውታል። እኔ ለፊደሉም እንግዳ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ። ውጤቱን ባየሁበት ቀን ቁምሳጥኑን ከፍቼ የቢሮ ዩኒፎርሜን ስመለከት ቆየሁ፤ ወደማውቀው ነገር ብመለስ ይሻለኛል እያልኩ።

ያን ቀን ከክፍሌ ተማሪዎች የደወለችልኝ አንዲት ዩጋንዳዊት መነኩሲት ናት። ከዚያ በፊት በስክሪን እንጂ በአካል ተገናኝተን አናውቅም።

“እንዴት ሆንሽ?” አለችኝ።

“ወደቅሁ፣ ሲስተር።”

“እኔም ባለፈው ዓመት ወድቄ ነው ደግሜ የምማረው። የሰዋስው መጽሐፌን ነገ እልክልሻለሁ።”

ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው እንዳይጭን ቢከለከልም ዕቃ ያደርስ ነበር። በማግስቱ መጽሐፉ ማቶኬ ከሚባል የሚቀቀል ሙዝ ዘለላ ጋር ታስሮ በሬ ድረስ መጣ። ከዚያ በኋላ ሲስተር ሁልጊዜ ማለዳ፣ ከገዳሙ ጸሎት ስትወጣ፣ ትደውልልኛለች። እሷ ግሥ ትጠራለች፣ እኔ አረባለሁ። ስሳሳት አትቆጣም፤ ዝም ብላ እንደገና ትጠራዋለች። ድጋሚ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። እሷም አለፈች።

የጥናት ርዕስ መምረጫው ሲደርስ አማካሪዬ፣ ሽማግሌ የአንግሊካን ቄስ፣ “ግሪክኛ የሚያውቅ ሞልቷል” አሉኝ። “አንቺ ግዕዝ አለሽ። ለምን በእሱ አትሠሪም?”

እኔም በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከአራማይክ የመጡትን ቃላት መረጥኩ፦ ጣዖት፣ ምጽዋት፣ ኦሪት፣ ደግሞም ሃይማኖት። ለአባቴ በደስታ ነገርኳቸው።

“ሃይማኖታችን የውሰት ነው ልትይ ነው?” አሉኝ።

“ቃሉን ነው እንጂ እምነቱን አይደለም፣ አባዬ።”

“ይኸው፤ የፈራሁት ደረሰ።”

ከዚያ በኋላ ስደውል ስለ ጤናና ስለ ዝናቡ ብቻ ያወሩኛል። ጥናቱን ካነሳሁ ለሌላ ሰው ስልኩን ይሰጡታል። መጻፌን አልተውኩም፤ ግን እጄ ከብዶኝ ነበር።

እገዳው ሲላላ ሲስተር ለገዳሙ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ ኦዊኖ ገበያ ስትመጣ አብሬያት ሄድኩ። በሰው መሀል እየተጋፋን የአባቴን ነገር አጫወትኳት። ቆም ብላ ሳቀች።

“እኛ በሉጋንዳ ሃይማኖትን ‘ኤዲኒ’ እንለዋለን። ከአረብኛ ተነሥቶ በስዋሂሊ በኩል የመጣ ቃል ነው። ሚሲዮኖቹ ሲመጡ ቃሉን እዚሁ አገኙት፤ ነጋዴዎች ቀድመው አምጥተውት ነበር። ታዲያ የእኔ ጸሎት የውሰት ሆነ?”

ሲስተር ሳታስበው የምፈልገውን ምሳሌ ሰጠችኝ። የጥናቴ ጥያቄ ይኼ ነበር፦ እነዚያ ቃላት ከመጽሐፉ ጋር አብረው ገቡ ወይስ መጽሐፉ ሳይተረጎም በፊት ሕዝቡ አፍ ላይ ነበሩ? ቤቴ ስደርስ ለአባቴ ደወልኩና ስልኩን ለሌላ ሰው ሳይሰጡብኝ የሲስተርን ንግግር እንዳለ ነገርኳቸው።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። “ሴትዮዋ ብልህ ናት” ብለው ተሰናበቱኝ።

በማግስቱ እሳቸው ደወሉ። ካምፓላ ከገባሁ ጀምሮ ራሳቸው ሲደውሉልኝ የመጀመሪያቸው ነው።

“እስክሪብቶ ያዢ” አሉኝ። “ምጽዋት የሚለው የት የት እንዳለ አውጥቼልሻለሁ።”

እየጠሩልኝ ጻፍኩ። ለወንድሞቼ በአንድ ጣራ ሥር የሰጧቸውን ትምህርት ለእኔ በስልክ ሰጡኝ። እኔ ግሪክኛውን ስነግራቸው እሳቸው የግዕዙን አገባብ ያቀኑልኛል። አንዳንዴ እንከራከራለን፤ አንዳንዴ እረታቸዋለሁ። ስረታቸው ደስ እንደሚላቸው ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት ቀርቤ የተከላከልኩት በፈረንጆቹ 2022 ነው። አባቴ ልስማ ስላሉ ስልኬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከውጭ የመጡት ፈታኝ፣ “ቃላቱ መጽሐፉን ቀድመው መግባታቸውን በምን ታውቂያለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። ተርጓሚዎቹ ቃላቱን ያለ አንዳች ማብራሪያ፣ አንባቢው እንደሚያውቃቸው አድርገው መጠቀማቸውን ከየምዕራፉ እየጠቀስኩ አሳየሁ። በሉጋንዳው ምሳሌ ጨረስኩ። ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀመጡና አማካሪዬን እያዩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ወጥቼ እንድጠብቅ አደረጉኝ፤ ስመለስ ሁሉም ቆመው ተቀበሉኝ። በከፍተኛ ማዕረግ አልፌአለሁ።

ስልኬን አነሣሁ። “አባዬ፣ አሉ?”

“አለሁ። እንግሊዝኛው አልገባኝም” አሉ። “ግን ድምፅሽ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። መምህር ሆነሻል።”

ሲስተር እጄን ይዛ ወደ ናኪቩቦ ሰፈር ወሰደችኝና መንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ገዛችልኝ። እንቁላሉ ከነቻፓቲው እየተንጠባጠበ፣ ከታክሲዎቹ ጩኸት መሀል ቆመን በላን። እሷ በመነኩሲት ልብሷ፣ እኔ በሐበሻ ቀሚሴ ስለነበርን የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ደስታዬ ልኩን አልፎ ነበርና አንዱ ሲያየኝ “አለፍኩ” አልኩት፤ “ዌባሌ” አለኝ፣ በሉጋንዳ ‘አበጀሽ’ ማለቱ ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ክፍሉ ግዕዝ እንዳስተምር ጠየቀኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጠመኔ ይዤ ስገባ ሲስተር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አማካሪዬም ከኋላ ደብተራቸውን ዘርግተዋል። ሰሌዳው ላይ “ሀ” ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ተከተሉኝ።