ከሳጥኑ የጎደለው ድንጋይ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ድንጋይ» ይላታል። ሳታገባ ጡረታ ስለወጣች፣ ባሏ ድንጋይ ነው እያሉ የሚያሾፉባትም አሉ፤ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የበረሃ ተራራ ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ጂኦሎጂስት ናት። ዛሬ ወገቧ አልታዘዝ ብሏታል፤ የቤቷን ደረጃ እንኳ መሀል ላይ ቆማ ትንፋሿን ሳትሰበስብ አትጨርሰውም። ከዚያ ሁሉ ልፋት የተረፏት አልጋዋ ሥር ያሉት የድንጋይ ሳጥኖች ናቸው። እነሱንም ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከፍታ አታውቅም፤ ደክሟታል።

በስንት ደጅ ጥናት ሙዚየሙ ድንጋዮቹን ሊወስድ፣ ስሟንም ከሥራቸው ሊጽፍ ተስማማ። አጥብቆ የፈለገው ግን አንዱን ነው፤ ሲዳስሱት የሚያሟልጨውን ግራጫ የሳሙና ድንጋይ። የተገኘበት ኮረብታ ለመንገድ ሥራ ተፈጭቶ አልቋል። እሱ ከሌለ የቀሩት መጋዘን ይገባሉ እንጂ ለሕዝብ አይታዩም ብለዋታል፣ በግልጽ።

የሙዚየሙ ሰው በሚመጣበት ጠዋት ሳጥኑን ብትከፍት ቦታው ባዶ ነው። አልጋ ሥር ገባች፣ ቁም ሳጥን በረበረች፤ የለም። ላብ አጠመቃት። እየተጎተተች አብራት የምትኖረው አሮጊት እናቷ ክፍል ገባች።

«እማዬ፣ አንድ ለስላሳ ድንጋይ አላየሽም?»

እናቷ ጉልበቷ ላይ የጠቀለለችውን ፎጣ ገለጥ አደረገች። ድንጋዩ እዚያ ነው። በቅባት ወዝቷል፤ የተጻፈበት ቁጥር ጠፍቷል።

«ምድጃ ላይ ሞቅ አደርገውና እይዘዋለሁ። ሙቀቱ ቶሎ አይለቅም። ምነው፣ ከፋሽ?»

«ድንጋዩን እሳት ላይ ጣድሽው?»

«አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ከመሬት ሥር በሙቀትና በክብደት ታሽቶ፣ ሳይቀልጥ ሌላ ድንጋይ ሆኖ ወጣ ብለሽ። ያን ሁሉ ችሎ የእኔ ምድጃ ያቅተዋል?»

አዎ፣ ነግራታለች። ከበረሃ ተመልሳ አንድ ማታ፣ የሳሙና ድንጋዩ መነሻ የሆነው ጥቁር ድንጋይ በጥልቅ ተቀብሮ ትኩስ ውሃ በስንጥቁ እየገባ እንዴት እንደሚያለሰልሰው፣ ተራራው ወደ ላይ ሲገፋ አብሮ እንደሚወጣ፣ በረሃ ላይ አፈርና ሣር ስለማያለብሰው ራቁቱን እንደሚታይ አውርታላት ነበር። እናቷ ያንቀላፋች መስሏት ነበር።

«መቼ ነው የጀመርሽው?»

«ኧረ ቆየ። አንቺ በረሃ ስትወርጂ ቤቱ ይበርደኛል። ታቅፌው እተኛና ስትመጪ ቦታው እመልሰዋለሁ። አሁንማ ሳጥኑን ስለማትከፍቺው መመለሱን ተውኩት።» ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ስምሽ ይጻፍ። ጉልበቴ እንደሆነ ሕመሙን ለምዶታል።»

ተቀበለቻት። ለብ ብሏል። ቁጥሩን መልሳ ብትጽፍበት ማንም ነገሬ አይለውም። ያን ሁሉ ብርድ ድንኳን ውስጥ ስታሳልፍ እናቷ ምን ታቅፋ እንደምትተኛ አንድ ቀን አስባ አታውቅም። አፈረች።

በሩ ሲንኳኳ ከማድ ቤት ወጥታ ከፈተች። የሙዚየሙ ሰው ሳጥኖቹን እያየ ባዶው ቦታ ላይ ደረሰ።

«የሳሙና ድንጋዩስ?»

«እሱ ገና ጡረታ አልወጣም።»

ሰውየው ግራ ገባው። «እንግዲያው መጋዘን ነው የሚገቡት።»

«ይግቡ» አለችው። ድንጋዩን ምድጃው ላይ ጥዳው ስለመጣች፣ ከልክ በላይ እንዳይግል ብላ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።