ፊታችንን ወደ ግድግዳ ያዞርንበት ጠዋት

«ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ከማስተምርበት ሆስፒታል በር ላይ ይዘውኝ ሄዱ። ነጩን ጋዋን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። አጭሩ ጥያቄ ሁለት ወር ከምናምን ፈጀ፤ ጥያቄው ምን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም።

ያስገቡኝ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የጤፍ ገለባ፣ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ። የቆርቆሮው በር ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ሠላሳ ያህል ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ከመካከላቸው አንዱ ብድግ ብሎ ቆመ፣ መምህሩ ክፍል እንደገባበት ተማሪ። ጠጋ ብዬ ሳየው እውነትም ተማሪዬ ነው።

«ዶክተር፣ እርስዎም?» አለኝ።

«እኔም» አልሁት።

ከእኔ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው የገባው። ሐኪም ሊሆን አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። በሁለታችን መካከል ደግሞ አንድ ነገር ነበረ፤ ከመታሰሩ በፊት በፈተና ጥየዋለሁ። የማስተምረው በጠና ከታመመ ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው። ለፈተናው አንዲት ነርስ መዳን የማትችል በሽተኛ መስላ ፊቱ ተቀመጠች። እሱ እጇን ያዘና «አይዞሽ፣ ትድኛለሽ» አላት። «ሰው መሞቻው መድረሱን ማወቅ አለበት፤ አንተ ማነህና ትነጥቀዋለህ?» ብዬ ጓደኞቹ ፊት አዋረድሁት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ አፍ ነበረኝ።

ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ጣሪያው በማያፈስበት፣ ከሁሉ በተሻለው ቦታ፣ ሁለት ጋቢ ተነጥፎላቸው አንድ አባት ጋደም ብለዋል። ከይጁቤ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። እጅና እግራቸው መንምኖ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሆዳቸውን በመዳፌ ዳሰስሁት። ጉበታቸው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይጎረብጣል። ራጅም ሆነ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገኝም።

«እንዴት አገኘኸኝ?» አሉኝ።

ተማሪዬ ቀደመኝ። «ዛሬማ ፊትዎ በርቷል፣ አባቴ።»

«ይኸው ጠዋት ጠዋት እንዲህ ይለኛል» አሉ እየሳቁ። «እኔም እንዳላሳፍረው ብዬ አንዳንድ ጉርሻ እቀምሳለሁ።»

ዘወር እንዳልን ያው አመሌ ተነሣብኝ። «አሁንም ትዋሻለህ?» አልሁት።

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ያስተማሩን ለብቻ ክፍል ውሰዱ፣ በሩን ዝጉ፣ ቤተሰብ አስቀምጡ፣ ስልክ አጥፉ ነው። ክፍሉ የታለ? ቤተሰቡስ?»

ከዝርዝሩ የተሟላልን ስልኩ ብቻ ነው፤ እሱን በር ላይ ወስደውልናል።

እዚያው መጋዘን ውስጥ ከደብረ ወርቅ አካባቢ የመጡ አንድ ቄስ ነበሩ። እኚህ ቄስ ወደ ሽማግሌው ጥግ ዝር አይሉም። መኝታቸውን እንኳ ከበሩ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት አድርገዋል። ነገሩ ቅር ቢለኝ ጠየቅኋቸው።

«አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቄስ ከታማሚ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ተብሎ እንደሚታሰብ ታውቃለህ። ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው የሸሸሁ።»

እውነታቸውን ነው። እኔም በልጅነቴ አያቴ ቤት ቄስ ሲገባ አይቼ አልቅሻለሁ።

በሁለተኛው ቀን ተማሪዬ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። ሽማግሌው አጫውተውት ነው። «ከዚህ ስወጣ መጀመሪያ የማደርገው ንስሐ መግባት ነው» ብለውታል። «ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የያዝሁት ነገር አለ፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ግን አያጣድፈኝም። የሚያጣድፍ ቢሆን እኒያ ቄስ ወደኔ ጠጋ ጠጋ ይሉ ነበር።»

ሠላሳ ሰው በደግነት ተባብረን ሽማግሌውን ያለ ንስሐ ልንሸኛቸው ነው። ጊዜም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ መቃዠት ጀምረዋል፤ ከብቶቻቸውን በስም እየጠሩ «መልሱ» ይላሉ። ጉበት ሲደክም አእምሮንም ይዞ ነው የሚሄደው። ልባቸው ጠርቶ የሚያወሩት ጠዋት ብቻ ሆኗል፣ እሱም ቢበዛ ለሁለት ሦስት ጠዋት።

በማግስቱ ጠዋት እንደተለመደው ቆጠራ መጣ። «ፊት ወደ ግድግዳ!» ይለናል ጠባቂው። እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን፣ አፍንጫችን ከሸካራው ግንብ ጋር ተነካክቶ፣ እስኪጨርስ እንቆማለን። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርሁበት ነገር የለም። ከሉማሜ የመጣ አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚዞረው፣ ሁልጊዜም አንድ ጥፊ ይቀምሳል። «አንገቴ ቶሎ አይታዘዘኝም» ይላል።

ቆጠራው አልቆ በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥሁ። ለዓመታት ያስተማርሁት ነገር ነው፣ ምን ይሳነኛል ብዬ።

«አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ?»

«ሐኪሙ አንተ፣ የምጠየቀው እኔ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

«ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?»

ይህኛው ገባቸው መሰለኝ፣ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ። ሠላሳው ሰው ዝም ብሎ እሳቸውን ያያል። «ይህ ሁሉ ዓይን እያየኝ?» አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

የስንት ዓመት ትምህርቴ በሁለት ጥያቄ አለቀ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

ያን ጊዜ ተማሪዬ ተነሣ። «አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለ። «ለአባታችን ክፍል ቸግሮናል። እባካችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩልን።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያንን ቃል እዚያ ቤት በሰላም የሚሰማው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የዞረው የሻይ ቤቱ ሰው ነው። አንገቱ ያን ዕለት ቶሎ ታዘዘለት። ከዚያ አጠገቡ ያለው ዞረ፣ ከዚያም ሌላው፣ ሁሉም እጁን እንደፈለገ አድርጎ። እኔ እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። እኔማ መምህሩ ነኛ።

ተማሪዬ አየኝ። «ዶክተር፣ እርስዎም» አለ።

ዞርሁ።

ግንቡን እያየሁ የሰማሁት ትንሽ ነው። «አባቴ፣ ፊትዎ በርቷል እያልሁ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሽማግሌው ዝም አሉ። እሱም ዝም አለ። ዝምታውን በወሬ አትሙሉት ብዬ ስወተውት ኖሬ አንድም ተማሪ ችሎት አያውቅም ነበር፤ እሱ ቻለው።

«እስከ ፍልሰታ እደርሳለሁ?»

«አይደርሱም፣ አባቴ።»

ጋቢያቸውን ከፊታቸው ሲገልጡ ሰማሁ። «ደግ አደረግህ» አሉት። «በል፣ ቄሱን ጥራልኝ።»

ቄሱ ከበሩ ሥር ተነሥተው ሲያልፉ ነጠላቸው ጀርባዬን ነካኝ። ተማሪዬም መጥቶ አጠገቤ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። መስቀላቸውን በር ላይ ስለወሰዱባቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ሽማግሌው ማንሾካሾክ ሲጀምሩ የሻይ ቤቱ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። እኛም ተቀበልነው፣ ጨርሰን እንደገና ጀመርን፣ ከኋላችን የሚባለው ጆሯችን እንዳይገባ። «በሩን ዝጉ» የሚለው የተሟላልን እንዲህ ነው።

መሃል ላይ የቆርቆሮው በር ተከፈተ። ጠባቂው ነው። ሳያዘን ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን አገኘን።

«ማን አዟችሁ ነው?» አለ።

ጸሎታችንን ቀጠልን። የዞረም የለም። ጫማው ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ። ቄሱ ሽማግሌው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸውን ለሁለት ተከናንበውት አይቶ ይሆናል። ያ ሁልጊዜ ተወርውሮ የሚዘጋ በር፣ ያን ዕለት ቀስ ብሎ ሲገጥም ሰማሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውን ስንሰማ ዞርን። ሽማግሌው ላብ በላብ ሆነዋል። «ሻይ የተረፈው ሰው አለ?» አሉ። የሻይ ቤቱ ሰው የራሱን ሰጣቸው፣ ቀዝቅዞ ነበር፣ ጨርሰው ጠጡት። ንስሐ በገቡ በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ወሰዷቸው። ማረፋቸውን ምግብ ከሚያመላልስ ቤተሰብ ሰማን። ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለማወቄም ደስ ይለኛል።

ስፈታ ወደ ማስተማሬ ተመለስሁ። የተማሪዬን ውጤት አልቀየርሁለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም፣ ሲፈታ እንደገና ተፈትኖ አለፈ። እኔ ግን ለብቻ ክፍል ውሰዱ ማለቱን ተውሁት። የእኛ ሆስፒታል ውስጥ አልጋና አልጋ ተጠጋግቶ፣ አስታማሚ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ የምን ክፍል።

እሱም አሁን እዚያው ነው የሚሠራው። አንዳንድ ጠዋት ከተማሪዎቼ ጋር ስገባ አንድ አልጋ ዳር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አስታማሚዎቹ ወደ ግድግዳው ዞረዋል፣ የጎረቤት ታማሚዎችም እንደዚያው። ቀና ብሎ ያየኛል።

«ዶክተር፣ እርስዎም» ይለኛል።

ተማሪዎቼን ይዤ እዞራለሁ።