ለአማቴ የጋገርኩት መኮሮኒ

አማቴ ቤቴ መጥተው እህል እንዲቀምሱ ያላደረግሁት ነገር የለም። ከተጋባን አንድ ዓመት ከአምስት ወር አልፎናል። ሆሳዕና ከተማ ደግሞ ያኔ ምን ታክል ነበር? ከእሳቸው ግቢ እስከ እኛ ቤት በዝግታ ቢሄዱ እንኳ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እሳቸው ግን አንድም ቀን ደጄን አልረገጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» ይሉኛል። «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ እማማ?» እላለሁ። ነጠላቸውን ያስተካክሉና ያልፋሉ።

በአፍ የተነጋገርነው ክፉ ነገር የለም። እሳቸው ከሰሜን የመጡ የፍርድ ቤት ሹም ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማይውሉ ሴት ናቸው። እኔ የሀቢቾ ገበሬ ልጅ፣ ከነቤተሰቤ ጴንጤ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ልጃቸው እኔን ማዘጋጃ ቤት ወስዶ ፈርሞ አገባኝ። የእሳቸው ንስሐ አባትም የእኔ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎችም እኩል አኮረፉ። ሁለቱን ወገን በአንድ አሳብ ያስማማ ነገር በዚያች ከተማ ቢኖር የእኛ ጋብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ኩርፊያቸው ብዙም አልከነከነኝም። እኔም ብሆን አንገቴን የምደፋ ሰው አይደለሁም። የእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እናቴ የሞተችው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የበኩር ልጅ እናት ቤት ሄዶ መውለድ ወግ ነው፤ እኔ የት ልሂድ? እህት የለኝም። ያሉኝ ሁለት ወንድሞች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ አራስ ሲያዩ በሬ ጠፍቶብናል ብለው የሚሮጡ ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ስወልድ አጠገቤ ቁጭ ብላ «አይዞሽ» የምትለኝ ሴት ፈልጌ ነበር። በከተማው ውስጥ ያለችኝ እናት ደግሞ ያቺው ነጠላዋን አስተካክላ የምታልፈው ብቻ ነበረች።

ስለዚህ እራት ልጋብዛቸው ወሰንኩ። ከበሉልኝ እለምናቸዋለሁ፤ ካልበሉልኝ እርሜን አወጣለሁ።

ግን ምን ልሥራ? ዶሮ እንዳልሠራ፣ የእሳቸው ዶሮ ወጥ እስከ ዶዮገና የተወራለት ነው። ሥጋ እንዳላቀርብ «ማን ባረከው?» ይመጣል። ቆጮ እንዳላቀርብ «ያው ያደገችበትን» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጡብኛል። አሰብኩ አሰብኩና አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ በልተውት የማያውቁትን ምግብ መሥራት! የማያውቁትን ምን ብለው ይተቹታል?

መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የቤት አያያዝ አስተማሪያችን አንድ ቀን መኮሮኒ በነጭ ስጎና ፎርማጆ በሚሉት የፈረንጅ አይብ ደርድራ፣ በፉርኖ ጋግራ አሳይታናለች። አርባ ሴቶች ነበርን፤ ለእያንዳንዳችን የደረሰን አንድ ማንኪያ ነው። በዚያች ማንኪያ የተነሳ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጣጣ። አሠራሩን በደብተሬ ገልብጬው ነበር።

መኮሮኒው አላስቸገረም። ያን ወር የቀበሌያችን ሱቅ ስኳር አልቆበት መኮሮኒ ነበር የሚያድለው፤ ስኳር ብሎ የሄደ ሁሉ መኮሮኒ ታቅፎ እያጉረመረመ ይመለሳል። ችግሩ ፎርማጆው ነው። የእኛ አይብ እሳት ሲነካው ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ደብተሬ ደግሞ «ይቀልጣል፣ ይሳባል» ይላል፤ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ባለቤቴ ግብርና መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠራው፣ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲሄድ «ፎርማጆ ሳትይዝ እንዳትመጣ!» አልኩት።

ይዞ መጣ። መናኸሪያ ስቀበለው ግን ሰው ሁሉ ከእሱ ራቅ ብሎ ነው የሚወርደው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ያስቀመጠው ፎርማጆ ገና መንገዱ ሳይጋመስ አውቶቡሱን በጠረኑ ሞልቶታል። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ ወንበር ለወንበር ሲያነፈንፍ ቆየና እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ወንድም፣ ጫማህን ብታደርግ ምናለበት?»

«አድርጌያለሁ።»

«አድርገህ ነው እንዲህ?»

ባለቤቴ ፎርማጆ ነው ብሎ ቢናገር ከነጋዜጣው በመስኮት የሚወረውሩበት መሰለው። «እግሬ ነው፣ ይቅርታ፣ ሕመም አለብኝ» አለ። አንዲት እናት እስከ ሆሳዕና ድረስ ለእግር የሚሆን ቅጠል ሲነግሩት መጡ። ይህን ሲተርክልኝ እኔ መናኸሪያው መሃል ቆሜ በሳቅ ስንፈራፈር እሱ አኩርፎ ቀድሞኝ ሄደ።

ቀኑን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ጴንጤ ብሆንም ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን አላጣውም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ጸሎት ቤት ነኝ። ሁዳዴ ሊገባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል፤ ከገባ እስከ ፋሲካ ወተት የነካው ነገር አይቀምሱም፣ እስከዚያ ደግሞ እኔ ወልጃለሁ። ሰኞ ይሁን አልኩ። ለማንኛውም ባለቤቴን ጠየቅሁት።

«ሰኞ ጾም የለም አይደል?»

«ሰኞ ደግሞ የምን ጾም አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ኦርቶዶክሱ እሱ ነው፣ አመንኩት።

እናቱ ጋ ሄዶ ግብዣውን ነገራቸው። «ሰኞ?» ብለው ደግመው ጠየቁት አለኝ። አዎ ሰኞ አላቸው። «ራሷ ናት ሰኞ ያለችው?» ራሷ ናት አላቸው። ፊታቸው በራ፤ «እመጣለሁ በላት» አሉ። ይህን ሲነግረኝ በዚያ ሆዴ እልል ብዬ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ ጠዋት አስተምሬ በሩጫ ገባሁ። የፎርማጆ መፈቅፈቂያ የለኝም፤ ባለቤቴ የወተት ቆርቆሮ በምስማር በስቶ ሠራልኝ፣ ከፎርማጆው እኩል የጣቴን ቆዳ ፈቀፈቅሁበት። ነጩ ስጎ መጀመሪያ ጓጎለ። ደፋሁት። እንደገና ቅቤውን፣ ዱቄቱን፣ ወተቱን፣ አሁን ተስማሙልኝ። ስድስት እንቁላል መታሁ። ደርድሬ፣ ፎርማጆውን በላዩ ነስንሼ፣ ትሪውን በጨርቅ ሸፍኜ ወደ ዳቦ ቤት ይዤ ወጣሁ። የቤት ፉርኖ የሚባል ነገር ማን አለው?

ዳቦ ጋጋሪው ደግ ሰው ነበር፣ የልጁ አስተማሪ ስለሆንኩ እሺ አለኝ። ጣጣው ሰልፉ ነው። ዳቦ የሚጠብቀው ሕዝብ ትሪዬን ከቦ «ምንድነው? ምንድነው?» ይላል። አንዱ «መኮሮኒ ነው፣ ጥሬውን ሸጠውልን እሷ ዳቦ አደረገችው» አለ። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሸተቱና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«አይብ ነው?»

«ፎርማጆ ነው እናቴ። ለአማቴ ነው» አልኩ በኩራት።

«አማትሽ እኚያ የፍርድ ቤቱ ሹም ባለቤት አይደሉም? ለዛሬ ነው?»

«ለዛሬ ነው!»

ሴትየዋ አማተቡ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። ትሪው ሲወጣ ወርቅ መስሎ፣ ዳር ዳሩ እየተንጫጫ፣ ሽታው ሰልፉን አፈረሰው። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

አማቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። እንዴት ያለ አመጣጥ! ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እየሳቁ። ጉንጬን አገላብጠው አራት ጊዜ ሳሙኝ። «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» አሉ። «የኔ ልጅ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወሬ ጀመሩ። «እኔ እኮ አንቺን አላወቅሁሽም። በድዬሻለሁ። የጴንጤ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ስል፣ የነነዌን ጾም አስባ፣ በመጀመሪያው ቀን ልታስፈታኝ ትጠራኛለች? ጎረቤቱን ሁሉ ስነግር ነው የዋልኩት። የናንተዎቹ ኦርቶዶክስ ምራቶች መቼ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ አልኳቸው!»

ባለቤቴን አየሁት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነነዌ! ከሁዳዴ በፊት ሁልጊዜ ሰኞ የምትገባ የሦስት ቀን ጾም መኖሯን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከሰባቱ ቀን መርጬ መርጬ ሰኞን ያልኩት እኔ ነኝ።

አማቴ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ምንድነው የሚሸተው?»

«ጎረቤት ነው» አለ ባለቤቴ።

«አይደለም!» አልኩ ጮክ ብዬ። መዋሸት አልችልበትም፣ ስናደድ ደግሞ ይብስብኛል። «የእኛ ነው እማማ። ነነዌን አላውቃትም። ልጅዎን ሰኞ ጾም አለ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ የለም አለኝ!»

«እኔማ ድሮም ጾም መግባቱን እናቴ ናት የምትነግረኝ፣ ካገባሁ ማን ይነግረኛል?» አለ።

አማቴ ወደ ሽታው ሄዱ። ቀስ ብለው ትሪውን ገለጡት።

«ይሄ አይብ ነው?»

«አዎ።»

«ወተትስ አለው?»

«ግማሽ ሊትር።»

«ቅቤ?»

«ትንሽ… አይ፣ ብዙ።»

«እንቁላል?»

«ስድስት።»

«ከመቼው ሁሉንም አሰባሰብሽው? ሥጋ ብቻ ነው የቀረሽ!»

«ሥጋውንማ የማን እርድ ነው እንዳይሉኝ ብዬ ነው የተውኩት!» አልኩና ለቅሶዬ አመለጠኝ። ያምራል የሚባል ለቅሶ አልነበረም፤ ሳግ በሳግ፣ ንፍጥ በንፍጥ።

«ለምግብ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አሉ ደንግጠው።

«ለምግብ አይደለም! እናት የለኝም እኮ። ስወልድ ማን አለኝ? ከበሉልኝ በኋላ፣ ስወልድ ከእኔ ጋር ይሁኑልኝ ብዬ ልለምንዎት ነበር። ይኸው አበላሸሁት።»

አማቴ ቆመው ሆዴን አዩት፣ ትሪውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ። አጠገቤ ተቀመጡና ከትሪው በእጃቸው ቆርሰው ወደ አፌ አመጡ።

«እርጉዝ ሴት ይሄ ሁሉ ሽታ ባፍንጫዋ ገብቶ ሳትበላ አታድርም። አፍሽን ክፈቺ።»

«እርስዎ ሳይበሉ…»

«ክፈቺ ብያለሁ!»

ከፈትኩ። ፎርማጆው ከትሪው እስከ አፌ ተሳበ፤ ደብተሬ አልዋሸም። «ኧረ ይሄ ነገር አይበጠስም እንዴ!» ብለው በሌላው እጃቸው ይጎትቱታል፣ እሱ ይረዝማል። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። የትሪውን እኩሌታ እንደ ሕፃን ልጅ አጎረሱኝ፣ ከዚያ ውስጥ አንዲት ፍሬ ወደ አፋቸው አላደረሱም። እጃቸውን ታጥበው ወደ ማድ ቤት ገቡና የሽሮ ድስቴን፣ የበርበሬዬን አፈጫጭ፣ የሽንኩርት ቢላዬን ተራ በተራ እየነቀፉ የራሳቸውን ሽሮ ሠርተው በሉ። ስለ ልመናዬ ግን እሺም እንቢም አላሉም። ልጃቸው ሸኛቸው። ማክሰኞና ረቡዕ በሰው ፊት እየሳቅሁ መልሳቸውን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። አማቴ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አይብ ይዘው ቆመዋል። «ጾሙ ተፈትቷል፣ ሥሪው» አሉ። የፎርማጆው ቁራጭ እንኳን አልተረፈም፤ ይሄኛው አይብ አይቀልጥም ብል ማን ሰምቶኝ? የዚያን ቀን መሠረተ ትምህርቱን ቀርቼ በአይቡ ሠራን፣ ትሪውን አንዱን ጫፍ እሳቸው አንዱን እኔ ይዘን ዳቦ ቤት ወሰድን። የወጣው እንደፈራሁት ነው፤ አይቡ ደርቆ አሸዋ ሆኗል፣ መኮሮኒው ከድስቱ ሥር የተፋቀ ይመስላል።

አማቴ አንድ ጉርሻ አደረጉ። አኘኩ። ቆም አሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና አኘኩ። እኔ አፍ አፋቸውን አያለሁ።

«እንግዲህ» አሉ ሲውጡት፣ «ይቺን ብለሽ ነው ያን ሁሉ ያለቀስሽው?»

«አይ እማማ፣ የሰኞው እኮ…»

«ተይው። ለእንግዳ የምትሠሪውን ሥሪ፣ አራስ ቤት ግን ይሄ ነገር ደጁን አያልፍም። ገንፎውን የማገነፋው እኔ ነኝ፣ ቅቤውን ከዛሬ ጀምሬ አነጥራለሁ። ለልጄ ንገሪው፣ አልጋዬን መጥቶ ወደ ቤታችሁ ይውሰድ።»